የአያት ብር አይበሳ

ክረምት ሲገባ ከውጭ አገር የሚመጡ የልጅ ልጆች በሻንጣቸው ቸኮሌትና ጫማ ብቻ አይደለም የሚይዙት፤ ጨዋታም ይዘው ይመጣሉ። ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱ ጂኦካሺንግ ይባላል። በልጅነታችን አኩኩሉ እያልን የምንጫወተው ድብብቆሽ ነው ብላችሁ ያዙት። ልዩነቱ የሚደበቀው ሰው ሳይሆን ትንሽ ሣጥን መሆኑና ፈላጊው በስልኩ የቦታ መጠቆሚያ እየተመራ መሄዱ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 2000 አንድ አሜሪካዊ ኦሪገን ውስጥ ባልዲ ደብቆ የቦታውን ቁጥር በኢንተርኔት ካወጣ ወዲህ ጨዋታው ዓለምን አዳርሷል።

ከጨዋታው ጋር አብሮ የሚሄድ መለያ አለ። ወታደር አንገቱ ላይ እንደሚያንጠለጥለው ዓይነት ትንሽ የብረት ጠፍጣፋ ሲሆን የየራሱ ቁጥር ተቀርጾበታል። መለያውን ከአንድ ዕቃ ጋር ያስሩና ከሣጥን ወደ ሣጥን፣ ከአገር ወደ አገር ያሻግሩታል። ያገኘው ሰው ቁጥሩን በጨዋታው ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ የት እንዳገኘውና የት እንዳስቀመጠው ይጽፋል፤ ባለቤቱም ቤቱ ቁጭ ብሎ የዕቃውን ጉዞ ያነባል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ ከአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ጋር ቤቴ መጡ። በመሐረብ የተቋጠረ የምኒልክ ብር ይዘዋል። የልጁ ሐሳብ ብሩን ጠርዙ ላይ በስቶ መለያውን ማሰርና የቅድመ አያቱ ብር ዓለምን ሲዞር ማየት ነው። «ሲስተር፣ አንቺ መርፌ ስትወጊ የኖርሽ ነሽ፤ የቱ ጋ ቢበሳ ይሻላል?» አሉኝ። የትም ጋ አይሻልም አልኳቸው።

ልጁ ክፉ አላሰበም። እንዲያውም ደስ ያለኝ እሱ ነው። ተወልዶ ባደገበት አገር ስለ ቅድመ አያቱ የሚያወራው አንድ ነገር ፈልጓል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ተው፣ አትንካ!» ብሎ ብሩን መልሶ መቋጠር ፍላጎቱን መግደል ነው። መለያውም ይታሰር፣ ብሩም አይጎዳ። ሁለቱም ይቻላል።

በመጀመሪያ በእጃችን ያለው ምን እንደሆነ እንወቅ። በሰሜን ሸዋ ቤቶች ሁለት ዓይነት የብር ገንዘብ ተቀምጦ ይገኛል። አንዱ ጠገራ የምንለው የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። ላዩ ላይ 1780 የሚል ዓመት ቢኖርም ንግሥቲቱ ካረፉ በኋላ ለረጅም ዘመን በዚያው ዓመት ሲመታ ኖሯል። አንኮበር የሸዋ መናገሻ በነበረችበት ዘመን በአልዩ አምባ ገበያ ከአሞሌ ጨው ጋር ጎን ለጎን ይገበያዩበት የነበረው ይህ ነው። ሁለተኛው አፄ ምኒልክ በራሳቸው ምስል ያሠሩት፣ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የተመታው ብርና ተከታዮቹ ናቸው። ሁለቱም 28 ግራም ያህል ይመዝናሉ፤ ስፋታቸውም 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ከዚህ ሌላ ለመታሰቢያ ተብለው የወጡ ሳንቲሞች ያላቸው ቤተሰቦች አሉ። በ1970 ዓ.ም. ለዱር እንስሳት ጥበቃ የወጡት ለምሳሌ የ10 ብሩ ጺማሙን ጥንብ አንሳ (በመንዝ ጓሳ ሰማይ ላይ የሚያንዣብበውን)፣ የ25 ብሩ የደጋ አጋዘንን፣ የ600 ብር ወርቁ ደግሞ ዋልያን ይዘዋል። ከእነዚህ ገጻቸው እንደ መስታወት ሆኖ የተመቱት በጣት ሲነኩ እንኳ ይበላሻሉ። የላባችን ጨው ከብሩ ላይ የማይለቅ አሻራ ይተዋል።

እንግዲህ ስለ መብሳት። በሥራ ዘመኔ ብዙ ቁስል አጥቤ አሽጌአለሁ፤ ቁስል ይሽራል። ብር አይሽርም። የተበሳ ሳንቲም በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው በብዙ ይወርዳል፤ ቀዳዳውን መልሶ መድፈንም ሌላ ጉዳት ነው። ማንጠልጠያ ማስበየድም ያው ነው። እሳቱ የብሩን መልክ ይለውጣል፣ ብየዳው ጽሑፉን ይሸፍናል። በሙጫ መለጠፍ ቀላል ይመስላል፤ ሲነቀል ግን ገጹን ቆሽሾና ተጭሮ ታገኙታላችሁ። ሽቦ መጠምጠምም አልመክርም። የጠገራ ብር ጠርዝ ዙሪያውን የላቲን ጽሑፍ አለው፤ ሽቦው እየተንቀሳቀሰ ይፍቀዋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

በማዋለጃ ክፍል የሠራ ሰው መፍትሔውን ያውቀዋል። አራስ ልጅ እንዳይለዋወጥ መለያ ይደረግለታል፤ መለያው ግን የሚጻፈው ልጁ ላይ አይደለም፣ እጁ ላይ በሚታሰረው ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ ላይ ነው። ለብሩም እንዲሁ ነው። መለያው ብሩን ከያዘው ነገር ጋር ይታሰር እንጂ ከብሩ ጋር አይታሰር።

የሚይዘው ነገር ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ ሰብሳቢዎች የሚጠቀሙበት ክብ፣ ግልጽና ደረቅ የፕላስቲክ ማቀፊያ ነው። ጠርዙ ላይ የቁልፍ መያዣ ቀለበት ያለው ይገኛል፤ መለያው እዚያ ላይ ይንጠለጠላል። ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ፈልጋችሁ ካጣችሁ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያምጣላችሁ፤ ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው። ስፋቱን ቀድማችሁ በማስመሪያ ለክታችሁ ንገሩት፤ የሰፋ ከሆነ ብሩ ውስጡ እየተንገጫገጨ ይፋጫል። ለስላሳና የሚተጣጠፍ የፕላስቲክ ከረጢት ግን አይሁን። እንዲህ ያለው ፕላስቲክ ሲቆይ ብሩ ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል።

ሁለተኛው በእጃችን የሚሠራ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔ የምወደውም ይህኛውን ነው። ታጥቦ የደረቀ አቡጀዲ ውሰዱና ብሩን በልኩ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ስፉ። ከአፉ በላይ የጨርቁን ጫፍ ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ትንሽ ቀዳዳ አውጡና ዙሪያውን እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ቀምቅሙት። የመለያው ሰንሰለት በዚያ ያልፋል። ብሩ ውስጥ፣ መለያው ውጭ ይሁን፤ መለያው ከብሩ የጠነከረ ብረት ስለሆነ አብረው ከተቀመጡ ይጭረዋል። ጥጥ የሚፈትሉ አያት ያሉበት ቤት ደግሞ ክሩንም ከዚያው ያገኛል። ልጁ መርፌውን ይዞ ቢሰፋ ጥሩ ነው፤ ወንድ ልጅ አይሰፋም የምትሉ ካላችሁ ሐኪሞቹን ጠይቁ።

የከረጢቱ ጨርቅ ሱፍ አይሁን። ይህን አጥብቄ የምለው ለእኛ ለደብረ ብርሃኖች ነው። ብርዱ አስተምሮን ይሁን ከብርድ ልብሱ ጋር አብረን ስላደግን፣ ውድ ዕቃ ሁሉ በሱፍ ተጠቅልሎ ሣጥን ሥር ይገባል። ሱፍ ግን በውስጡ ድኝ አለው፤ ድኝ ደግሞ ብርን ያጠቁራል። የጎማ ላስቲክም እንዲሁ ነው። የጠቆረውን ብር በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና መፈተግ ከጥቁረቱ የባሰ ጉዳት ያመጣል፤ ተዉት። ስትነኩት እጃችሁን ታጥባችሁና አድርቃችሁ፣ ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ፣ ከሥር የታጠፈ ጨርቅ አንጥፋችሁ ይሁን።

ቀድሞውኑ ማንጠልጠያ የተበየደላቸው ብሮችስ? እነዚህን አታስነቅሉ! እናቶቻችን ብሩን አንገታቸው ላይ ያሠሩት ጌጥም ቁጠባም ሆኖላቸው ነው፤ ያ ማንጠልጠያ የቤተሰቡ ታሪክ አካል ሆኗል። ለመለያ የሚመቸውም እንዲህ ያለው ብር ነው። በጥጥ ክር ማንጠልጠያው ላይ ታስሮ፣ መለያው ገጹን እንዳይነካ ክሩ ረዘም ይበል። ያልተበየደውን አንገት ላይ ማድረግ የሚፈልግ ካለ ደግሞ አንጥረኛው ጠርዙን ብቻ የሚይዝ፣ በብሎን የሚጠብቅ ክብ ማቀፊያ ይሥራ። ብየዳ ካለው ብሩ ከመግባቱ በፊት ይለቅ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። መለያ የታሰረበት ዕቃ ይጓዛል፤ የሚጓዝ ዕቃም ይጠፋል። ሣጥኑን ያገኘ እንግዳ ሰው ሁሉ ታማኝ አይደለም። ከዚህ በላይ ደግሞ ሕግ አለ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አሮጌ ብር በልጅ ሻንጣ ከመግባቱ በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ያስፈልጋል። ቦሌ ላይ ልጁ እያለቀሰ ሻንጣው ሲበረበር ማየት የሚፈልግ አያት ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ ብሩ ቤት ይቀመጥ፤ የሚጓዝለት ምትክ ይፈለግ። እኔ ለልጁ ያሳየሁት ዛሬ የምንገበያይበትን፣ 2002 የሚል ዓመት ያለበትን ባለ ሁለት ቀለም የአንድ ብር ሳንቲም ነው። አንበሳውም ሚዛኑም አለበት፤ በትንሽ ማቀፊያ ገብቶ መለያው ቢታሰርለት ለማያውቀው ሰው ብዙ ይናገራል። መለያው ብዙውን ጊዜ ጥንድ ሆኖ ነው የሚሸጠው፤ አንዱ ይጓዛል፣ ያንኑ ቁጥር የያዘው ቅጂ ባለቤቱ ዘንድ ይቀራል። ቅጂው ከአሮጌው ብር ከረጢት ጋር ይታሰር። ያኔ አያት ሣጥን ውስጥ ያለው ብርና ሩቅ አገር ያለው ሳንቲም አንድ ቁጥር ይኖራቸዋል። ልጁም የብሩን ሁለት ገጾች ፎቶ አንሥቶ፣ ከማን ለማን እንደተላለፈ ከአያቱ አፍ እየሰማ በወረቀት ላይ በእርሳስ ይጻፍ፤ ወረቀቱ ከከረጢቱ ጎን ይቀመጥ። በድረ ገጹ ላይ ግን ብሩ የት ቤት እንዳለ እንዳይጽፍ ንገሩት። ሌባም ያነባል።

በመጨረሻ እንደ ነርስ የምለው አለኝ። የጨዋታው መለያ ባትሪ የለውም፤ ቁጥር የተቀረጸበት ብረት ብቻ ነው። በስልክ የሚከታተሉት ሌላው ዓይነት መፈለጊያ ግን፣ ቁልፍና ሻንጣ ላይ የሚያንጠለጥሉት፣ እንደ ሳንቲም የተጠፈጠፈ ባትሪ አለው። ሕፃን ይህን ባትሪ ከዋጠና ጉሮሮው ላይ ከቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያስከትል ይችላል። የልጅ ልጆቻችሁ ሁለቱንም ይዘው ሊመጡ ስለሚችሉ ክዳኑ መጥበቁን አረጋግጡ። ሕፃኑ ባትሪ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እንዲያስመልስ አታድርጉ፣ «በሰገራ ይወጣል» ብላችሁም አትጠብቁ። የዕቃውን ማሸጊያ ወይም ተመሳሳዩን ባትሪ ይዛችሁ በዚያው ሰዓት ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት።