የመስመር መቆራረጥ፤ አስቀድሞ መመርመር፥ ቀጥሎም መጠየቅ

የነጋዴ ሀብቱ ገንዘቡና ዕቃው ብቻ አይደለም፤ ጊዜውና ቃሉም ጭምር ናቸው። ዛሬ ደግሞ ይህ ጊዜና ይህ ቃል በአብዛኛው የሚጓዙት በኢንተርኔት መስመር ነው። ዋጋ የሚጠየቀው፥ ትዕዛዝ የሚላከው፥ የጭነት ሰነድ ረቂቅ ለእርማት የሚመላለሰው በዚሁ መንገድ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎትም የገቢና የወጪ ንግድ ፈቃድን በመስመር እንድንጠይቅ አድርጎናል። ስለዚህ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ሥራም አብሮ ይቋረጣል።

ጉዳቱ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በባንክ መተማመኛ ሰነድ (ኤልሲ) የሚነግድ ሰው እንደሚያውቀው፥ ዩ ሲ ፒ 600 በሚባለው የዓለም አቀፍ ንግድ ምክር ቤት ደንብ መሠረት፥ ኤልሲው ሌላ ቀን ካልወሰነ በቀር፥ የማጓጓዣው ሰነድ ዕቃው ከተጫነ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ፥ ኤልሲውም ጊዜው ሳያልፍ መቅረብ አለበት። የእርማቱ ደብዳቤ በመስመር መቆራረጥ ዘግይቶ ሰነዱ ሳይስተካከል ቢቀር፥ «መስመር ጠፍቶብኝ ነበር» ማለት ያለፈውን ቀን አይመልስም።

ይህ ሁሉ ሲሆን በየመሥሪያ ቤታችን የሚደረገው ምንድን ነው? መስመሩ ሲጠፋ አንዱ መሣሪያውን አጥፍቶ ያበራል፤ ሌላው ሽቦውን ይነቃንቃል፤ ሦስተኛው አቅራቢውን ድርጅት ይራገማል። መስመሩ በራሱ ጊዜ ሲመለስ ነገሩ ይረሳል፤ በማግሥቱም እንደገና ይጀመራል። በበኩሌ ይህን ልማድ ልንተወው ይገባል እላለሁ። ችግሩ ከእኛ ግድግዳ ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑን ሳይለዩ መጮኽ፥ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እንደሚባለው ነው።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ የምንገናኘው በቴሌፎን በመደወል ነበር። የዚያ ዘመን ሞደም የመቀበል ፍጥነቱ ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎቢት፥ የመላክ ፍጥነቱ 33.6 ኪሎቢት ስለ ነበረ፥ አንድ ሜጋባይት የሚሆን ሰነድ ለመላክ መስመሩ ሳይናወጥ 4 ደቂቃ ያህል ይወስድ ነበር። በመካከሉ አንድ ሰው በተቀጥላው ቴሌፎን እጀታውን ቢያነሣ ግንኙነቱ ይቋረጥና እንደ አዲስ መደወል ግድ ይሆናል። ያ የመደወል ዘመን አሁን እያለፈ ነው፤ በአሜሪካ ስሙ የገነነው ኤ ኦ ኤል እንኳ ይህን አገልግሎት መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ዘግቷል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ኤ ዲ ኤስ ኤል የሚጓዘው በዚያው በመዳቡ የቴሌፎን ሽቦ ስለ ሆነ፥ የሽቦው ሕመም ከዘመኑ ጋር አላለፈም። የላላ መጋጠሚያ፥ የዛገ ጫፍ፥ ዝናብ የገባበት የማከፋፈያ ሣጥን፥ ያለ ቅጥ የተቀጣጠለ ሽቦ ያን ጊዜም ይቆርጡ ነበር፤ ዛሬም ይቆርጣሉ።

ስለዚህ ምርመራው በተራ ይሁን። በመጀመሪያ፥ የጠፋው አንድ ገጽ ነው ወይስ ሁሉም? ሌሎች ገጾች ከተከፈቱ ጥፋቱ የመስመሩ አይደለም፤ የተፈለገው መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ነው። ሁለተኛ፥ በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ ነው ወይስ በሁሉም? ሦስተኛ፥ ኮምፒዩተሩን በሽቦ ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ነው። በሽቦ ከሠራና በዋይፋይ ከተቆራረጠ፥ ጥፋተኛው በመካከል ያለው የግንብ ግድግዳ፥ የብረት መዝጊያ ወይም የተከመረው ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል። አራተኛ፥ የራውተሩን መብራቶች ማየት ነው። የመስመሩ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ሕመሙ ከሽቦው ነው፤ የመስመሩ መብራት ጸንቶ ኢንተርኔት የሚለው ብቻ ከጠፋ ግን ሒሳቡ መከፈሉን ማረጋገጥና አቅራቢውን መጠየቅ ይገባል።

ከሁሉም የሚበልጠው አምስተኛው ነው። ቴሌፎኖቹንና ተቀጥላዎቹን ሁሉ ነቅሎ፥ ሞደሙን መስመሩ ወደ ቤት ከሚገባበት ከመጀመሪያው ነጥብ ላይ ብቻውን መሰካት ነው። በዚያ ሳይቆራረጥ ከዋለ ጥፋቱ ከእኛ ውስጥ ነው፤ በዚያም ከተቆራረጠ ከሞደሙ ወይም ከውጭ ነው፤ ሌላ ሞደም ተውሶ መሞከር ይህን ይለያል። ቴሌፎን ሲጮኽ የሚቋረጥ ከሆነ ድምፅንና ኢንተርኔትን የሚለየው ስፕሊተር ይመርመር፤ በቴሌፎኑ ውስጥ የመንኳኳት ድምፅ ከተሰማም ሽቦው ታሟል ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ከፍና ዝቅ በሚልበት ሰፈር ሞደሙ በስታቢላይዘር ይጠበቅ። በአንድ ጊዜ ግን ከአንድ ነገር በላይ አይለወጥ፤ ሁለት ነገር አብሮ ከተለወጠ የትኛው እንደ ፈወሰ አይታወቅም።

ከምርመራው ቀጥሎ የሚያስፈልገው መዝገብ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የሱቅ ወጪና ገቢ በደብተር እንደሚያዝ ሁሉ፥ መስመሩ የጠፋበት ቀንና ሰዓት፥ የቆየበት ደቂቃ፥ የመብራቶቹ ሁኔታ፥ ዝናብ መጣሉና ኤሌክትሪክ መጥፋቱ ለሁለት ሳምንት ይጻፍ። ለምሳሌ «ማክሰኞ ከጧቱ 4 ሰዓት ከ10፥ ለ25 ደቂቃ፥ የመስመር መብራት ብልጭ ድርግም፥ ሌሊት ዝናብ ነበር» ቢባል ይበቃል። ይህ ለእኛ ለጸሐፊዎች የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ከዝናብ ቀጥሎ የሚደጋገም መቋረጥ ወደ መጋጠሚያው ያመለክታል፤ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ በጀመረበት ሰዓት የሚመጣ መዘግየት ደግሞ መስመሩ ከአቅሙ በላይ መጫኑን ይነግራል።

አንዳንድ ሰዎች «ገንዘብ የከፈልን እኛ፥ የምንመረምረውም እኛ እንሁን?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አቅራቢው ድርጅት ከግድግዳው ወዲያ ላለው ሁሉ ኃላፊ ነው፤ የአቤቱታ ቁጥር መስጠት፥ ባለሙያ የሚመጣበትን ጊዜ መናገር፥ ባለሙያውም ያገኘውን ጉድለትና የሠራውን በደንበኛው ደብተር ጽፎ መፈረም ይገባዋል። ነገር ግን ይህን በድፍረት ለመጠየቅ የሚችለው የራሱን ቤት አጥርቶ፥ ቀንና ሰዓት ቆጥሮ የቀረበ ደንበኛ ነው። «ሁልጊዜ ይጠፋል» ለሚል አቤቱታ «አሁን ይሠራል» የሚል መልስ ይበቃዋል፤ አሥራ አንድ ቀንና ሰዓት ለያዘ ገጽ ግን እንዲህ ብሎ መመለስ አይቻልም።

ምክር ቤታችንም እዚህ ላይ ድርሻ አለው። በመርካቶ በአንድ ሕንፃ ያሉ ብዙ ሱቆች መስመር የሚያገኙት ከአንድ ማከፋፈያ ሣጥን ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ለየብቻው ቢጮኽ የአንድ ሱቅ ጉዳይ ይመስላል፤ መዝገቦቹ ተሰብስበው ጎን ለጎን ቢታዩ ግን የሁሉም መስመር በአንድ ሰዓት መጥፋቱ ይገለጣል። ስለዚህ ምክር ቤቱ አንድ ዓይነት ቅጽ አዘጋጅቶ ለአባሎቹ እንዲያድል፥ የተሞላውንም በየሰፈሩ ለይቶ በየወሩ ለአቅራቢዎቹ እንዲያቀርብ አሳስባለሁ።

እስከዚያው ድረስ ቀን የተቆረጠበት ሰነድ ያለው ነጋዴ በአንድ መንገድ ብቻ አይታመን። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ በአገራችን ሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ አገልግሎት ስለሚሰጥ፥ የመሥሪያ ቤቱ መስመር ከአንዱ ከሆነ የእጅ ስልኩን ሲም ከሌላው ማድረግ አስተዋይነት ነው። ሰነዱም እስከ መጨረሻው ቀን አይቆይ።

መስመር ሊጠገን የሚችለው የተቆረጠበት ቦታ ሲታወቅ ነው። ደብተሩ ዛሬ ይከፈት።