ከፎቶው ጀርባ ምን ተጽፏል?

ድሮ ፎቶ ጀርባ ነበረው። ከፎቶ ቤት የወጣች ጥቁርና ነጭ ካርድ ለወዳጅ ስትሰጥ እንዲሁ አትሰጥም። ገልበጥ ትደረግና በእስክሪብቶ «ለማይረሳው ጓደኛዬ፣ ለማስታወሻ ይሁንህ» ይጻፍባታል፤ ቀኑ፣ ዓመተ ምሕረቱና የከተማው ስም ይታከላል፤ ፊርማም ያርፍባታል። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ያቺ ካርድ ከሣጥን ስትወጣ ሰውየውን በአካል የማያውቅ የልጅ ልጅ እንኳ ገልብጦ ያነባል፤ ማን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደተነሳ ይረዳል።

ዛሬ የምናነሳው ፎቶ ግን ጀርባ የለውም። ሁላችንም ካሜራ በኪሳችን ይዘን ነው የምንዞረው። ለእረፍት አገር ቤት ደርሰን ስንመለስ ስልካችን በፎቶ ተሞልቶ ይመጣል። ጣርማ በር ላይ የተኛ ጉም፣ ሮቢ ወንዝ ዳር የቆመች ወፍ፣ ሸዋ ሮቢት አስፋልት ዳር የተደረደረ ማንጎ፣ ሰንበቴ ገበያ የዋለ ግመል... ዶርም ውስጥ እየተቀባበልን እናያለን፤ «አሪፍ ናት!» እንላለን፤ በቴሌግራም እንላላካለን፤ በቃ። «ይቺ ወፍ ምንድን ናት? የት አነሳሃት? ሰውዬውስ ማነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «እኔ እንጃ፣ ዝም ብዬ ነው ያነሳሁት» ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ያለው «ዝም ብዬ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

የይፋት ልጅ በመሆኔ ምሳሌዎቼን የምወስደው ከዚያው ከቆላው ነው። ለማለት የምፈልገውም አጭር ነው፦ በትርፍ ጊዜያችን ፎቶ የምናነሳ ተማሪዎች ከፎቶው እኩል ታሪኩንም ልንይዝና ልናካፍል ይገባል። ታሪክ ስል ልብ ወለድ ማለቴ አይደለም። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ እና እንዴት የሚሉትን ጥያቄዎች ማለቴ ነው።

እስቲ በወፍ እንጀምር። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባና ወደ መልካ ጀብዱ በሚወርደው ቆላ ውስጥ ጉሮሮዋ ላይ ቢጫ ምልክት ያላት አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። የሳይንስ ስሟ ክሪታግራ ፍላቪጉላ ይባላል፤ የኢትዮጵያ ብቻ ናት። በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሦስት ናሙናዎች ተሰብስበው ወደ ጣሊያን ሄዱ፤ ቶማሶ ሳልቫዶሪ የተባለ የአዕዋፍ ተመራማሪም በ1888 ስም አወጣላት። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ያያት ተመራማሪ አልነበረም። እንዲያውም አንዳንድ ሊቃውንት «ራሷን የቻለች ዝርያ አይደለችም፤ የሌሎች ሁለት ወፎች ዲቃላ ሳትሆን አትቀርም» እስከማለት ደርሰው ነበር። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ግን እዚያው አካባቢ በሕይወት ተገኘች። አስቡት እንግዲህ! ሦስቱ ናሙናዎች የት እንደተገኙ የሚነግር ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ ወፊቱን የት ሄዶ መፈለግ ይቻል ነበር?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ተመራማሪ አላያትም ማለት ሰው አላያትም ማለት አይደለም። የአልዩ አምባ እረኛ በየዕለቱ ሲያያት ኖሯል። የጎደለው ያየውን የሚጽፍለት ነው። ዛሬ ያ እረኛ ወይም የእረኛው ልጅ እኛው ነን፤ ስልክም እስክሪብቶም በእጃችን ነው። በ1966 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ለአዕዋፍ እጅግ አስፈላጊ የሆኑ 69 የአገራችንን ቦታዎች ዘርዝሯል። ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና የተዘረጋው ገደል አንዱ ነው። በ2002 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ኢበርድ የሚባለው የወፍ መዝገብ ደግሞ ማንኛውም ሰው ያየውን እንዲያስመዘግብ ክፍት ነው። መዝገቡ የሚጠይቀው የወፏን ዓይነት፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ቁጥሯን ነው። እነዚህ ያሉት ደብዘዝ ያለ ፎቶ ማስረጃ ይሆናል። እነዚህ የሌሉት የጠራ ፎቶ ግን የግድግዳ ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

ወደ መልክዓ ምድር እንለፍ። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ቆሞ ቁልቁል ወደ ቆላው ያየ ሰው ካሜራውን አለማውጣት አይችልም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ በአንድ ፎቶ ደጋና ቆላ ይገባሉ። ግን የነሐሴ ይፋትና የግንቦት ይፋት አንድ አይደሉም። አንድ ልጅ ደረቅ አሸዋ ብቻ የሚታይበት የሮቢ ወንዝ ፎቶ ቢያሳየኝ የምጠይቀው «መቼ ነው?» ብዬ ነው። ግንቦት ከሆነ የበጋው ልማድ ሊሆን ይችላል። ነሐሴ ከሆነ ግን አደጋ አለ ማለት ነው። ከላይ ውሃው ለመስኖ ተጠልፎ እንደሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል። ፎቶው ያው ነው፤ ትርጉሙን የሚወስነው ቀኑ ነው።

ይህ እንዲሁ ወሬ አይደለም። በ1868 (እ.ኤ.አ.) ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በሰሜን ኢትዮጵያ ሲያልፍ ያነሳቸው ፎቶዎች አሉ። ቤልጅየማዊው ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ከ140 ዓመት በኋላ እነዚያው ቦታዎች ላይ ቆመው፣ በዚያው አቅጣጫ፣ እንደገና ፎቶ አነሱ። ሁለቱን ሲያስተያዩ ያገኙት ብዙዎቻችን «ድሮ አገሩ ሁሉ ደን ነበር» እያልን ከምናወራው ተቃራኒ ነው፤ በእነዚያ ቦታዎች የዕፅዋቱ ሽፋን ከ140 ዓመት በፊት ከነበረው ተሻሽሎ ተገኝቷል። ያ ሁሉ የተቻለው የድሮዎቹ ፎቶዎች የት እንደተነሱ ማወቅ ስለተቻለ ነው። የእኛስ የዛሬ ፎቶ ከመቶ ዓመት በኋላ ለአንድ ተማሪ እንዲህ ያገለግል ይሆን?

በአገራችን ሥዕልን ከነማብራሪያው የማቅረብ ሥራም አዲስ አይደለም። ከ1841 እስከ 1843 (እ.ኤ.አ.) ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በሻለቃ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን በቆላው አድርጎ አንኮበር ሲወጣ በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮ ነበር። የአፋርን ቆላና የሸዋን ደጋ እየሣለ በኋላ ሥዕሎቹን ከነማብራሪያቸው በመጽሐፍ አሳተማቸው። ትልቅ ቅርስ ነው፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ማብራሪያው የእንግዳ ዓይን ያየው ነው። እኛ ዝም ካልን የእኛን ፎቶ ጀርባ ሌላ ሰው እንደመሰለው ይጽፍልናል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የመንገድና የገበያ ፎቶ ነው፤ ምክንያቱም ውስጡ ሰው አለ። እሁድ ሰንበቴ ገበያ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ሲገናኝ ካሜራ የያዘ ሁሉ ይረባረባል። ፎቶው ስር የሚጻፈው ግን «ውብ የገበያ ቀን» ብቻ ነው። አንድ የዶርም ጓደኛዬ ሸዋ ሮቢት መንገድ ዳር ያነሳትን የአንዲት ማንጎ ሻጭ እናት ፎቶ አሳየኝ፤ ከስሩ «የድህነት ፈገግታ» ብሎበታል። እኚህን እናት እኔ አውቃቸዋለሁ፤ በማንጎ ንግድ ልጆች ያስተማሩ ሴት ናቸው። ለእረፍት ስሄድ ነገሩን አንስቼ ባጫውታቸው ሳቁና «ፎቶውንማ አነሱኝ፤ ማንጎውን ነው እንጂ ያልገዙኝ» አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን እላለሁ? ጓደኛዬ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ስማቸውንና ሥራቸውን ቢጠይቅ ኖሮ ያቺን ርዕስ አይጽፋትም ነበር።

ነገሩ የይሉኝታ ብቻም አይደለም፤ የሕግም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ ለታወቁ ሰዎች፣ ለትምህርትና ለሳይንስ፣ እንዲሁም በአደባባይ ለሚፈጸሙ ጉዳዮች ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። የሆነ ሆኖ ግን ሕጉ ቢፈቅድልን እንኳ «እትዬ፣ ላንሳዎት?» ብሎ መጠየቅ ምን ያስከፍላል?

ሌላም ምክንያት አለ፤ መራራ ምክንያት። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ከተማ ላይ የደረሰውን ቃጠሎ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ መዝለቁን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ በፊት የሆነ ልጅ «ዝም ብሎ» ያነሳው የመንገድ ፎቶ ዛሬ «እዚህ ጋ የእከሌ ሱቅ ነበረ» ለማለት ብቸኛው ምስክር ሊሆን ይችላል። ምስክር ግን ቀንና ቦታ ይጠየቃል። በዚያው ጦርነት ወቅት በሌላ አገርና በሌላ ዓመት የተነሱ ፎቶዎች «የዛሬ ናቸው» እየተባሉ ሲዘዋወሩ አይተናል። ጀርባ የሌለው ፎቶ የፈለገው ሰው የፈለገውን ይጽፍበታል።

«ጥሩ ፎቶ ራሱ ይናገራል፤ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ደካማ ፎቶ ነው» የሚሉ አሉ። ከፊሉን እስማማለሁ። ብርሃኑን፣ ውበቱን፣ ስሜቱን ፎቶው ራሱ ይናገር። ስምና ቀን ግን ፎቶ አይናገርም። በሌላ በኩል ታሪክ ይጨመር ስንል ላይክ ለማብዛት የማያውቁትን አዛውንት ኑሮ ከራስ ፈጥሮ መጻፍም አለ፤ ይህ ዝም ከማለት ይብሳል። ያልጠየቁትን አለመጻፍ ነው ደንቡ።

ሁሉን መናገርም አይገባም። የብርቅዬ ወፍ ጎጆ ያለበትን ዛፍ ለይቶ መንገር ወፏን ለአዳኝና ለረባሽ አሳልፎ መስጠት ነው። ሥጋት ባለበት ጊዜና ቦታ የሰውን ፊት ከነአድራሻው ማውጣትም እንዲሁ። እንዲህ ሲሆን ታሪኩን ማስታወሻ ደብተር ላይ አስፍሮ ለጊዜው ማቆየት ይቻላል። መጻፍና ማሳተም ለየቅል ናቸው።

ስለ አሠራሩ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ካሜራው ቀንና ሰዓት ይመዘግባል፤ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «07:20» የሚለው ለእኛ ከጠዋቱ 1:20 ነው፤ «2021» የሚለውም እንደ ወሩ 2013 ወይም 2014 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ መጻፍ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስንልከው ውስጡ የተቀመጠው መረጃ ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ስንልከው ግን ይቆያል። ቦታው እንዳይታወቅ የምንፈልገውን ፎቶ ደግሞ እንደ ፋይል አለመላክ ነው።

በመጨረሻ ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ኮሪደሩ ላይ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ፈተናና ውጤት ከማይለጠፍበት ጊዜ ላይ በወር አንድ ሳምንት ለተማሪዎች ፎቶ ይሰጠን። ደንቡ ቀላል ይሁን፦ ከእያንዳንዱ ፎቶ ስር አምስት መስመር። ምን ወይም ማን ነው? የት ተነሳ? መቼ? ሰው ካለበት ፈቅዷል ወይ፣ ምንስ አለ? አንሺው ያላወቀው ነገር ምንድን ነው? መምህራኖቻችንም ከተቻለ ለጽሑፍ ትምህርት እንደ አንድ መልመጃ ይቁጠሩልን፤ ቅጂውም በትምህርት ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ በየዓመቱ ይቀመጥ። የጎጃሙ፣ የወሎው፣ የባሌው፣ የሐረሩ ልጅ የየአገሩን ቢያመጣ በአራት ዓመት ውስጥ ምን ያህል ነገር እንደሚከማች አስቡት።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። በፎቶ ያለውም ካልተጻፈበት ይረሳል። ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ በሚቀጥለው እትም ብትሞግቱኝ ደስ ይለኛል፤ እስከዚያው ግን ስልካችሁ ውስጥ ካሉት ፎቶዎች አንዷን መርጣችሁ አምስቱን መስመር ዛሬውኑ ጻፉላት።

ቸር ይግጠመን!