ብርዝ ከማጀት ይውጣ

የቆቦ ፀሐይ ከፋሲካ በኋላ ምን ያህል እንደምትፋጅ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ከዞብል ተራራ ግርጌ በዚያ ሰሞን ሠርግ የተጠራ ሰው ከእንጀራው አስቀድሞ የሚመኘው ቀዝቃዛ ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት በዘመዳችን ሠርግ ላይ አሳላፊ ነበርሁ። ጠላው በየጋኑ ሞልቷል፤ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንና ለልጆች የተገዛው ለስላሳ ግን ገና በቀትር አለቀ። አባቴን ያሳደጉት እነዚያ የተከበሩ ሽማግሎች ባዶ ብርጭቆ ይዘው ሲቀመጡ ባየሁ ጊዜ የምገባበት ጠፋኝ። ያዳኑኝ አያቴ ናቸው። ጓዳ ገብተው ማር በረዙ፥ ሎሚ ጨመቁበት፥ በጆግ አድርገው ሰጡኝ። የገረመኝ ግን ጠላ የያዙትም ሰዎች «ለእኛስ?» ማለታቸው ነው።

ሥጋችን በየማዕዱ ይለያያል፤ ብርዝ ግን ሁላችን ከአንድ ጆግ የምንጠጣው ነው። ታዲያ ስለ ምን ለጓዳ ተውነው?

አንዳንዶች ብርዝ ከጠጅ የሚለየው ጌሾ ስለሌለበት ብቻ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። በውኃ የተበረዘ ማር ያለ ጌሾም ቢሆን በሙቀት ሲያድር መፍላት ይጀምራል። ስለዚህ መጠጥ ለማይቀምስ እንግዳ የሚቀርበው ብርዝ በዕለቱ ተበርዞ በዕለቱ ማለቅ አለበት። የሰው ሃይማኖት ነውና በዚህ ነገር ቸልታ አይገባም።

አያቴ እንዳሳዩኝ ለ1 ሊትር ውኃ 3 የሾርባ ማንኪያ ማርና 2 ሎሚ ይበቃል። ውኃው አስቀድሞ ፈልቶ የበረደ ይሁን፤ በትኩሱ ከተበረዘ የማሩ መዓዛ በንኖ ይጠፋል። እኔ ደግሞ በመስኖ ከለማው ማንጎ አንድ የበሰለ በወንፊት አጥልዬ እጨምርበታለሁ (አያቴ ይህን አልወደዱትም)። የአበባ ሽታ የሚፈልግ ሰው ሽቶ አይግዛ። በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር የመስከረምን አበባ ይዞ ይመጣል፤ ንቧ ሥራዋን ጨርሳለች። ማቀዝቀዣ ከሌለ እንስራ አለ፤ ውኃው በሸክላው ገላ እየሰረገ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ይኸውም በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ትነት ነው።

ማር ውድ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን 3 ማንኪያው 60 ግራም ያህል ስለሆነ 1 ኪሎ ማር 16 ሊትር ያህል ብርዝ ይወጣዋል፤ በ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ቢለካ ወደ 50 ይጠጋል። በዚያው መጠን ኮካ ኮላ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር ሲኖር በብርዙ ውስጥ ያለው ከግማሹ በታች ነው። ይህን ስል ብርዝን መድኃኒት ማድረጌ አይደለም። ማርም ስኳር ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ከነጭራሹ አይሰጥም።

«ጠርሙስ ክብር ነው፥ ብርዝ የድኻ ነው» ለሚሉት የምመልሰው የለኝም፤ ይልቅስ የዚያን ዕለት የሽማግሎቹን ፊት ቢያዩ ይሻል ነበር።

ስለዚህ ለዘንድሮው የመሰናበቻ በዓላችን ክፍላችን ሁለት እንስራ ብርዝ እንዲያቀርብ አሳቤን አቀርባለሁ። እኅቶቻችን ብቻ ይበርዙ አልልም፤ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ሌሊት ተነሥተን እንበርዛለን። እንስራዎቹን አያቴ ለማዋስ ተስማምተዋል፤ ማንጎ እንዳይገባበት ግን አደራ ብለዋል።