ጨፌው ይታረስ ወይስ ይቅር?



በዚህ ሳምንት የምናነበው በክፍል ውስጥ ደጋግማችሁ ስላነሳችሁት ነገር ነው። በቀበሌያችን የወል ጨፌ አለ። በበጋ ከብት ይሰማራበታል። ከራሱ ላይ የምንጠጣው ምንጭ ይፈልቃል። አሁን ጨፌው ታርሶ ሽንኩርትና ድንች በሞተር ውኃ ይልማበት የሚል ዕቅድ መጥቷል። ገሚሱ ሰው ይታረስ ይላል። ገሚሱ አይነካ ይላል።

ይታረስ የሚለው ሰው ክፉ አይደለም። ልጅ የሚያስተምርበት፣ ለቤቱ ቆርቆሮ የሚገዛበት ገንዘብ ይፈልጋል። መሬት ያላገኘው ወጣትም ሥራ ይሻል። አይነካ የሚለውም ልማት የሚጠላ ሆኖ አይደለም። በጋ ሲመጣ ላሜ የት ትጋጥ? ምንጩ ቢደርቅስ? ይላል። እንግዲህ የሁለቱም ነገር ሚዛን ላይ ይውጣ። በፊት ግን በሌላ ቦታ የሆነውን እንይ።

የሐረማያ ሐይቅ ምን ሆነ?

በምሥራቅ ሐረርጌ ሐረማያ የሚባል ሐይቅ አለ። ቀድሞ ዓለማያ ይባል ነበር። የሐረር ከተማ የቧንቧ ውኃ የሚሄደው ከዚህ ሐይቅ ነበር። በዙሪያው ያለው ገበሬም ውኃውን በሞተር እየሳበ ጫትና አትክልት ያጠጣ ነበር።

ጥቅሙ የውሸት አልነበረም። ጫት ውኃ ካገኘ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቀጠፋል። የአወዳይ ገበያም እዚያው ቅርብ ነው። ገንዘቡ ቶሎ እጅ ይገባል። ስለዚህ ሞተሩ በዛ።

አንድ ሞተር ምን ያህል ውኃ ይስባል? እስቲ እናስላው። በአንድ ሴኮንድ 10 ሊትር ይስባል እንበል። በአንድ ሰዓት 36,000 ሊትር ይሆናል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 1,800 ጊዜ መሙላት ማለት ነው። በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 216,000 ሊትር ነው። እንዲህ ያለ ሞተር መቶ ቢሆንስ? 21,600,000 ሊትር! ያውም በአንድ ቀን።

አንዱ ገበሬ የኔ አንድ ሞተር ሐይቅ አያደርቅም ቢል፣ እሱስ ልክ ነው። ነገር ግን ሁሉም እንደዚያው አለ። ከሐይቁ የጎደለው የሁሉም ድምር ነው።

ጥፋቱ የሞተር ብቻ አልነበረም። የከተማው ቧንቧም ድርሻውን ይወስድ ነበር። በዙሪያው ያለው ኮረብታ ዛፉ ስለተመነጠረ ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ ሐይቁ ውስጥ ከተተው። እንዲህ ተጠርጎ የሚተኛ አፈር ደለል ይባላል። ደለል ሲሞላ ሐይቁ ጥልቀት አጣ። ጥልቀት የሌለውን ውኃ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ ትጨርሰዋለች። ውኃ በሙቀት ወደ አየር ሲሄድ ትነት ይባላል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ሐይቁ ደረቀ። ውኃ በነበረበት ላይ ከብት ተሰማራ። ሐረር ውኃ ተቸገረች። ኋላ ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ አካባቢ፣ የከርሰ ምድር ውኃ በቧንቧ ማምጣት ግድ ሆነ። ገበሬውም በደረቀው የሐይቅ ወለል ላይ ጉድጓድ መቆፈር ያዘ። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ሞተሩ ነዳጅ ይበላል። ነዳጁም ትርፉን ይበላል።

በ2010ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ውኃው ተመልሶ ታየ። ዝናቡ ደህና ሆነ፤ በተራራው ላይም እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ። ይህ ደስ ያሰኛል። ግን መሐል ላይ ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ። ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት የሚገባበት ዕድሜ ነው። እርከኑ ቀደም ብሎ ቢሠራ፣ የሞተሩም ቁጥር ቢወሰን ኖሮ ይሻል ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ!

የመንዝ ሰዎችስ ምን አደረጉ?

ታዲያ ምንም አይነካ እንበል? እሱም አያስኬድም። ሰው ከመሬቱ መጠቀም አለበት። ጠብቆ መጠቀም እንደሚቻል ለማየት ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ መንዝ እንሻገር።

በመንዝ ደጋ ላይ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር ምድር አለ። ስሙ ከሣሩ የመጣ ነው። የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሠራበታል፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳም ይሰፋበታል። የአገሩ ሰዎች ለመቶዎች ዓመታት አለቃ መርጠው ጠብቀውታል። ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ማጨድም ማሰማራትም ክልክል ነው። ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲጠና ይከፈታል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ይዘጋል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የድሮው ሥርዓት ቀረ። ቀድሞ ከጓሳው ድርሻ ያልነበረው ሰው መብት ማግኘቱ መልካም ነበር። ነገር ግን የአጠቃቀሙ ደንብ አብሮ ፈረሰና ሣሩ ተጎዳ። ኋላ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ኮሚቴ መርጠው አዲስ ደንብ አወጡ። ዛሬ ጓሳ ነዋሪዎቹ የሚጠብቁት ምድር ነው። ከሱ የሚነሱ ጅረቶች ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። እነሱን ለማየት የሚመጣው እንግዳም ለአካባቢው ገቢ ያስገኛል።

ሚዛኑን እንዴት እንያዘው?

አንድ ዕቅድ ሲመጣ እነዚህን አምስት ነገሮች እንጠይቅ።

1. ትርፉ የማን ነው? ጉዳቱስ የማን? ሞተር ለመግዛት አቅም ያለው ያተርፋል። አቅም የሌላት እናት ግን የላሟን ግጦሽ ታጣለች።

2. ትርፉ መቼ ይመጣል? ጉዳቱስ? ሽንኩርት በወራት ውስጥ ይሸጣል። የምንጭ መድረቅ ግን የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው።

3. ገበያ የማይወጣው ነገር ተቆጥሯል? በምንጭ ውኃ ላይ ዋጋ አይጻፍም። ምንጩ ቢደርቅ ግን እናቶችና ልጃገረዶች ውኃ ፍለጋ ስንት ሰዓት ይሄዳሉ? ሰዓቱን ጻፉት። እሱ ዋጋው ነው።

4. ቢበላሽ ይመለሳል? ሽንኩርት ቢከስር ለከርሞ ሌላ ይዘራል። ምንጭ ግን አይዘራም።

5. መካከለኛ መንገድ የለም?

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የምንጩ ራስና እርጥቡ የጨፌው መሐል ፈጽሞ መታረስ የለበትም። ደረቅ የሆነው ዳሩ ግን መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ለሁለት ዓመት መሞከሪያ ቢሰጥ መልካም ነው። የሞተሩ ቁጥርና የሚሠራበት ሰዓት አስቀድሞ ይወሰን። የምንጩ ውኃ በየወሩ ይለካ። አንድ እንስራ ለመሙላት የሚፈጀው ጊዜ ከረዘመ ሞተሩ ይቁም። ይህን ስል ወጣቶቹ ከሚጠብቁት ያነሰ ገቢ እንደሚያገኙ አውቃለሁ። ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ከምንጩ የሚጠጡት እነሱም ናቸው።

ይህ የኔ ሐሳብ ነው። የሚወስነው የቀበሌው ሰው ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 እንደሚለው፣ አካባቢውን የሚነካ ሥራ ሲታቀድና ሲሠራ ሕዝቡ ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው። ስለሆነም ስብሰባው ላይ ተገኙ። እናቶችም ቅሩ አትበሉ፤ ውኃ የምትቀዱት እናንተ ናችሁ። ቃለ ጉባኤ ማለት በስብሰባ የተወሰነው የተጻፈበት ወረቀት ነው። ዛሬ ማንበብ ትችላላችሁ። ሳታነቡት አትፈርሙ። ስለ ምንጩ የተባለው ካልተጻፈበት፣ ይጻፍልን በሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. የሐረማያ ሐይቅ የደረቀባቸውን ሦስት ምክንያቶች ተናገሩ።

ለ. የመንዝ ሰዎች ጓሳን ለምን ይዘጉታል? ለምንስ ይከፍቱታል?

ሐ. በጨፌያችን ላይ 3 ሞተር በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ ስንት ሊትር ይስባል? ከላይ ባለው ስሌት አስሉ። መልሱን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ስብሰባው ላይ አንብቡት።