ሚዛኑ በየትኛው ወሰን ይለካ? የተመጣጠነ ልማት ፖሊሲና የሰሜን ጎንደር ደጋ ወረዳዎች

የተመጣጠነ የአካባቢ ልማት በኢትዮጵያ የመንግሥት ዕቅዶች ውስጥ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ፋብሪካዎች በአዲስ አበባ፣ በአሥመራ እና በባቡር ሐዲዱ ዳር መከማቸታቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው፤ የደርግ የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድም ጉዳዩን አንሥቶታል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 89 የሀብት ክፍፍል ፍትሐዊ እንዲሆን መሥራትን የመንግሥት ግዴታ አድርጎታል። ስለሆነም አከራካሪው ነጥብ መንግሥት ሚዛንን ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም የሚለው አይደለም። ሚዛኑ በየትኛው ወሰን ይለካ የሚለው ነው፤ ለዚህ ጥያቄ እስካሁን የተሰጠው መልስ የሰሜን ጎንደርን ደጋ ከእይታ ውጭ አድርጎታል።

አንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 4 ልዩ ድጋፍ የሚሰጠው በዕድገት ወደኋላ ለቀሩ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች እንደሆነ ይደነግጋል። የድጋፉ ባለቤት ማንነት ነው እንጂ ቦታ አይደለም። በተግባርም ድጋፉ ያተኮረው ታዳጊ ክልሎች ተብለው በተለዩት በአፋር፣ በሶማሌ፣ በቤንሻንጉል ጉሙዝ እና በጋምቤላ ላይ ነው። እነዚህ ክልሎች ድጋፉ እንደሚገባቸው አያጠራጥርም። ይሁንና በ2005 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ማበረታቻ ደንብ ቁጥር 270 አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይዟል። ደንቡ በተከታታይ ለሦስት ዓመት የ30 በመቶ ተጨማሪ የገቢ ግብር ቅናሽ የሰጠው ለአራቱ ክልሎች ብቻ አልነበረም፤ ከኦሮሚያ ጉጂን እና ቦረናን፣ ከደቡብ ደግሞ ደቡብ ኦሞን፣ ቤንች ማጂን፣ ሸካን፣ ዳውሮን፣ ከፋን እና ሌሎችንም በስም ጠቅሷል። ሕጉ ከክልል ዝቅ ብሎ ዞንን መለየት እንደሚችል በራሱ አሳይቷል ማለት ነው። ከአማራ ክልል ግን አንድም ዞን አልገባም። በደንቡ አመለካከት ዳር አገር ማለት ቆላ፣ አርብቶ አደር ወይም ጫካ ነው፤ ለዘመናት የታረሰ፣ አፈሩ የተሸረሸረ ደጋ ድሃ ሊሆን እንደሚችል የታሰበበት አይመስልም።

ደጋው ግን እንዲህ ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ራስ ደጀንን የያዙት በየዳ እና ጃናሞራ የገብስ አገር ናቸው፤ ማሳው ገደላማ ነው፤ ውርጩ ብርቱ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በዚህ አካባቢ ጊዜያዊ መሻገሪያ ከመሆን አልፎ የኑሮ አካል ሆኗል። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ዳባት እና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በጃናሞራ፣ በበየዳ እና በጠለምት ዝናቡ አንሶ ድርቅ ተከተለ።

የበጀቱ አካሄድም ይህንኑ መጋረጃ ያጠነክራል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የድጎማ ቀመር የእያንዳንዱን ክልል የወጪ ፍላጎትና ገቢ የመሰብሰብ አቅም ያነጻጽራል፤ ስሌቱ የሚያበቃው ግን ክልል ላይ ነው። ከዚያ በታች፣ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ክልሉ ለወረዳዎች ጥቅል በጀት ያከፋፍላል። ከዚህ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። ወረዳው መምህርና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያገኛል፤ መንገድ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና ፋብሪካ የት ይሁን የሚለው ውሳኔ ግን ከእጁ ውጭ ነው።

የጎንደር ከተማ ቅሬታ በዚህ መሐል ይነሣል። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን በ1953 ዓ.ም.፣ ፖሊቴክኒኩን በ1955 ዓ.ም. አግኝታለች፤ ኋላም የክልሉ መቀመጫ ሆነች። የኢንዱስትሪ ፓርኮች ሲገነቡ ኮምቦልቻ፣ ባሕር ዳር እና ደብረ ብርሃን፣ ለግብርና ማቀነባበሪያ ደግሞ ቡሬ ተመረጡ። የቀድሞዋ የበጌምድር መዲና ቅሬታ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሆኖም ከተማዋ ስታማርር የምትጠራው መላውን ሰሜን ጎንደር ነው፤ ለከተማዋ የሚሰጠው ካሳ ሽቅብ ወደ ደጋው ይደርሳል ወይ የሚለው ጥያቄ እምብዛም አይጠየቅም። የዳሽን ቢራ ፋብሪካ በጎንደር ሥራ ከጀመረ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ሆኖታል፤ የብቅል ፋብሪካም አለ። ገብሱ የሚበቅለው ደግሞ ላይ፣ በዳባት እና በደባርቅ ነው። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ትስስር አይገኝም። ነገር ግን የደጋው ገበሬ በብዛት የሚዘራው ለምግብ የሚሆን ገብስ እንጂ የብቅል ገብስ አይደለም፤ ወደ ብቅል ገብስ ለመዞር የተመረጠ ዘር፣ ማዳበሪያ በወቅቱ፣ አስቀድሞ የታወቀ ዋጋና ምርቱን የሚያወርድ መንገድ ይሻል። ለፋብሪካ የሚሰጥ የግብር ቅናሽ ከእነዚህ አንዱንም አያመጣም። በዚህ ምክንያት ሰሜን ጎንደር በደንቡ ዝርዝር ውስጥ ቢገባ እንኳ የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ይሆን ነበር።

የመንገዱ ነገር በተለይ ያስገርማል። ወደ ጃናሞራዋ መካነ ብርሃን እና ወደ በየዳዋ ድልይብዛ የሚወስደው መንገድ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያልፋል። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ጋር ተመደበ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ከዚያ መዝገብ ወጣ። ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች መካከል ከፓርኩ ውጭ የሚያልፍ ተለዋጭ መንገድ እና የግጦሽ ጫና መቀነስ ይገኙበታል። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ዋልያውም ቀይ ቀበሮውም መጠበቅ አለባቸው። ነገር ግን የዓለም ቅርስን ወጪ የሚሸከመው የሣሩን መሬት የለቀቀው ደገኛ ነው፤ የጎብኚው ገንዘብ ግን በአብዛኛው በጎንደር ሆቴሎችና በጉዞ ድርጅቶች ይቀራል፤ ለአስጎብኚ፣ ለበቅሎ ጫኝና ለስካውት የሚደርሰውም ከደባርቅ ብዙም አይርቅም። ይህ ዝውውር በየትኛውም የድጎማ ቀመር ውስጥ አይታሰብም።

ደባርቅ የዞን መቀመጫ ሆናለች፤ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮም ዩኒቨርሲቲ አላት። መቀመጫን ወደ ታች ማውረድ ጥቅም አለው። ሆኖም ቢሮ መክፈትን ከልማት ጋር ማምታታት በአገሪቱ የቆየ ልማድ ነው፤ ቢሮው የበየዳን ገብስ አይገዛም።

ጎንደር ራሷ የተሻለ ምሳሌ አላት። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ትኩረቱ ገጠሩ ነበር፤ ሠልጣኞቹ በቡድን ሆነው በጤና ጣቢያዎች ይሠሩ ነበር። የዚያ ትውፊት ልጅ የሆነው የዳባት የምርምር ማዕከል ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወረዳው በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት እየተከታተለ ይመዘግባል። አንድ የደጋ ወረዳ ስንት ሕፃን እንደሞተበት በዚህ ዝርዝር ሊታወቅ ከቻለ፣ የአንድ ኩንታል ገብስ ዋጋ በማሳው ዳር፣ በደባርቅ ገበያና በጎንደር ስንት እንደሆነ፣ አንድ ቤተሰብ እስከ አስፋልት ስንት ሰዓት እንደሚጓዝ፣ ከፓርኩ ምን እንዳገኘና ምን እንዳጣ መመዝገብ የማይቻልበት ምክንያት የለም። የጎንደር እና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች የኢኮኖሚክስና የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍሎች ይህን ሥራ በድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻቸው ጥናት ሊጀምሩት ይችላሉ። የክልሉ ምክር ቤትም የወረዳ በጀት ቀመሩን ሲያሻሽል የመንገድ ርቀትን፣ የመሬት መሸርሸርንና በጥበቃ ምክንያት የተለቀቀ መሬትን እንደ መለኪያ ማስገባት ይኖርበታል፤ ለዚህ የፌዴራል ሕግ መለወጥ አያስፈልገውም።