ጉሬዛ በጦጣ ዕዳ አይጠየቅ

ቡና መቅላት ሲጀምር በጅማ፣ በአጋሮና በጌራ ያለው ገበሬ ጥበቃውን ያጠብቃል። ጠላትህ ማን ነው ቢሉት «ጦጣና ዝንጀሮ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሁለቱም የበሰለውን ቀይ ፍሬ ይለቅሙታል፤ በቆሎውንም አይምሩም። ነገር ግን ቁጣ ሲበረታ ፍርድ ይደፈርሳልና ከዛፍ ዛፍ የሚዘል ሁሉ ሌባ ይባላል። በተረታችን ዳኛ ሆና የኖረችው ጦጣ ተከሳሽ መሆኗ ተገቢ ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ጉሬዛ አብሯት መከሰሱ ነው።

ጉሬዛን ከሌላው መለየት አያስቸግርም። አካሉ ጥቁር ሆኖ የፊቱ ዙሪያ ነጭ ነው፤ ከትከሻው እስከ ወገቡ ነጭ ጠጉር እንደ ካባ ይወርድለታል፤ ጅራቱም እንደ ዝንብ መከልከያ ጭራ ጫፉ የተንዠረገገ ነው። አውራ ጣት የለውም ለማለት ይቻላል፤ በአራቱ ጣቶቹ ቅርንጫፉን እንደ መንጠቆ ይይዛል። ግልገሉ ሲወለድ ሁለንተናው ነጭ ነው፤ የወላጆቹን መልክ የሚይዘው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ጎሕ ሲቀድ አውራው ያገሣል፤ ድምፁም ከሸለቆው ማዶ ይሰማል። ከሁሉም በላይ ዋና ምግቡ ቅጠል ነው፤ ጨጓራውም እንደ ላም የተከፋፈለ በመሆኑ ጠንካራውን ቅጠል ያብላላበታል። ጀርመናዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ዓለም ሲያስተዋውቀው «ጉሬዛ» የሚለውን የአገራችንን ስም እንደያዘ ነው።

ሌላም ጎረቤት አለው። የቡቱርሊኒ ጦጣ የሚባለው፣ ጠጉሩ ወደ ግራጫና ጥቁር የሚያደላ ፍጡር፣ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች በቀር በዓለም የትም አይገኝም። ፍሬ፣ ቅጠልና ነፍሳት እየተመገበ ይኖራል። ዛሬ ለመጥፋት ከተጋለጡት መካከል ተቈጥሯል።

እነዚህ እንስሳት የሚኖሩት ለቡናችን ጥላ በሚሆነው ደን ውስጥ መሆኑን ልብ እንበል። ዋንዛውና ብርብራው በወደቀ ቍጥር ጉሬዛ ቤቱን፣ ቡናውም ጥላውን ያጣል። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የከፋንና የያዩን ደኖች በባዮስፌርነት የመዘገባቸውም ቡናውና ደኑ አብረው እንዲጠበቁ ነው።

ይህን ስንል የገበሬውን ጉዳት እንናቅ ማለታችን አይደለም። የዓመት ድካሙ በአንድ ጧት ሲባክን ማየት ቀላል ነገር አይደለምና አቤቱታው መሰማት አለበት። ነገር ግን ወደ ወረዳ የሚመደበው ወጣት ሹም አቤቱታውን ሲቀበል አስቀድሞ «ያጠፋው የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ጥበቃው ጦጣና ዝንጀሮ በሚገቡበት በኩል ይጠናከር እንጂ በእነርሱ ሰበብ ጉሬዛው አይባረር፤ ዛፉም አይቈረጥ። በጅማ የሚማረውም ተማሪ የሩቅ አገር እንስሳትን በመጽሐፍ ከማጥናቱ ጋር ከራሱ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ ቀና ብሎ ይመልከት። ማንነቱን ሳያውቁ መፍረድ በሰው ላይ ነውር ከሆነ፣ አፍ በሌለው ፍጡር ላይ ደግሞ የባሰ ነው።