የመኪና ምክር፦ ባትሪ ከመግዛት በፊት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁለቱ ከተወረደ በኋላ ብርዱ ይቀራል፤ ካፖርትም ይወልቃል። ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ሰንበቴ፣ አጣዬና ካራ ቆሬ ከታለፉ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ ትገኛለች። በዚህ መንገድ ላይ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ሲመሽበት ከአስፋልቱ ዳር አቁሞ፣ እራቱን በልቶ፣ በጋቢናው ውስጥ ጋደም ይላል። ሙቀት ስለሆነ ትንሿን ማራገቢያ ይከፍታል፤ ስልኩን ይሰካል፤ ራዲዮኑንም ያሰማል።

ጧት ግን ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ወዲያው ሰው ይሰበሰባል። አንዱ፣ «ወንድሜ፣ ባትሪህ ሞቷል፤ ለውጠው» ይላል። ሌላው፣ «ቁልፉ ነው የተበላሸ፤ ንቀለውና ሽቦውን በቀጥታ አገናኘው» ይላል። ሾፌሩም ቀኑ እንዳያልፍበት ከሁለት አንዱን ያደርጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ የመጀመሪያው ምክር ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ያስጠፋዋል፤ ሁለተኛው ግን መኪናውን፣ ጭነቱንና ነፍሱን ጭምር ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ በዛሬው ምክራችን ባትሪ ከመግዛትና ቁልፍ ከመንቀል በፊት ምን መመርመር እንደሚገባ በቅደም ተከተል እንገልጻለን።

በውጭ አገር ሰዎች በዕረፍት ጊዜያቸው አልጋና ምድጃ ያለበትን ቤት በመኪና ላይ አድርገው ይዞራሉ። በእንዲህ ያለው መኪና ውስጥ የባትሪው ማቋረጫ ቁልፍ ከዋና ዋናዎቹ መሣሪያዎች አንዱ ነው። በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው ሾፌሩ የሚያድርበት የጭነት መኪና ጋቢና ነው። የቁልፉ ሥራም በሁለቱ ዘንድ አንድ ነው፤ መኪናው በሚቆምበት ጊዜ ባትሪውን ከቀረው የኤሌክትሪክ መስመር ሁሉ ይለየዋል። በእጅ የሚዞር አለ፤ ከጋቢናው ውስጥ በሚጫን አዝራር የሚሠራ፣ በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚስበው ሪሌ ያለበትም አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ቁልፉ ሊያቋርጥ የሚችለው ከእርሱ ወዲያ ያለውን መስመር ብቻ ነው። ራዲዮኑ፣ የስልክ መሙያው፣ ማራገቢያው ወይም መኪናው ያለበትን የሚያሳየው ጂፒኤስ በቀጥታ ከባትሪው ራስ ላይ የተሰካ ከሆነ፣ ቁልፉ ቢዘጋም እነርሱ መጠጣታቸውን አይተዉም። ባለ መኪናውም «ቁልፉን ዘግቼ ሳለሁ ባትሪው አለቀ» እያለ ቁልፉን ይወቅሳል። ቁልፉ ግን ጥፋት የለበትም፤ በበሩ ሳይሆን በጓሮ የሚወጣውን ሌባ ዘበኛ ሊይዘው አይችልም።

የሚጠጣው ኤሌክትሪክ ትንሽ ቢመስልም ሒሳቡ ቀላል አይደለም። አንድ ዕቃ 0.3 አምፔር ብቻ ቢወስድ በ24 ሰዓት 7.2 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ በሁለት ሳምንት 100 አምፔር ሰዓት ያልፋል። መኪናው ጭነት እየጠበቀ ወይም መንገድ ተዘግቶበት ሁለት ሳምንት ቢቆም፣ 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ባዶውን ቀረ ማለት ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. ከእርሳስና ከአሲድ የሠራው ባትሪ እስከ ዛሬ ጠባዩ አልተለወጠም፤ ባዶውን ብዙ ቀን ከቆየ በውስጡ ያለው እርሳስ እየጠነከረ ይሄድና እንደ ቀድሞው ሊሞላ አይችልም።

በጭነት መኪና ላይ ደግሞ ሌላ በደል ይደርሳል። አብዛኞቹ ከባድ መኪናዎች 24 ቮልት የሚሰጡ፣ በተርታ የተያያዙ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች አሏቸው። ራዲዮኑ 12 ቮልት ስለሆነ፣ ሽቦውን ከሁለቱ በአንደኛው ባትሪ ላይ ብቻ መሰካት የተለመደ ነው። ሌሊቱን የሚጠጣው ከአንዱ ነው። በማግሥቱ ግን ዲናሞው ሁለቱንም እኩል ይሞላል። ከዚህም የተነሣ የተጠጣው ባትሪ ሳይሞላ ይቀራል፤ ያልተጠጣው ከመጠን በላይ ሞልቶ ውኃው ይፈላል። በመጨረሻ አንዱ በረኃብ፣ ሌላው በጥጋብ ይሞታሉ። መድኃኒቱ 24 ቮልቱን ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ ማስገባት ነው፤ ዋጋውም ከሁለት ባትሪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ቴስተር ብቻ ነው።

በመጀመሪያ በዓይንና በእጅ ይመርመር። በባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ፣ ሞርሴቶው በእጅ ሲነቀነቅ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ሌላ ምክንያት ከመፈለግ በፊት ይፈታና በሶዳና በውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፍቆ እንደገና ይጥበቅ። መካኒኮች ማሳ የሚሉት፣ ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው ካቦም ሌላው ጫፉ መታየት አለበት፤ ዝገትና ጭቃ ያለበት ቦታ እርሱ ነውና።

ሁለተኛ፣ መኪናው ጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ እያንዳንዱ ባትሪ ለየብቻው በቴስተር ይለካ። 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ነው፤ ከ12 ቮልት በታች ከወረደ ሊያልቅ ተቃርቧል። ሁለቱ በጣም ከተለያዩ፣ ከአንዱ ብቻ የሚጠጣ ሽቦ መኖሩ ይፈለግ። ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ በሁለቱ ላይ በአንድነት 28 ቮልት ገደማ መታየት ይገባዋል፤ ይህ ካልታየ ዲናሞው አይሞላም፤ አዲስ ባትሪ ቢገዛም በከንቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ቁልፉ ራሱ ይፈተን። ቁልፉ በርቶ ሳለ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በቁልፉ ሁለት ብሎኖች ላይ አድርጎ፣ ረዳቱ ሞተሪኖውን እንዲያዞር ማዘዝ ነው። ቴስተሩ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ካሳየ ቁልፉ ደኅና ነው። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ወይም ቁልፉ በእጅ ሲዳሰስ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ውስጡ ተቃጥሏልና በሌላ ይለወጥ። ሞተሪኖው ሲዞር በመቶ የሚቆጠር አምፔር ስለሚያልፍ፣ የሚገዛው ቁልፍ ይህን የሚችል መሆን አለበት። የመብራት ቁልፍ በዚያ ቦታ ማስገባት አህያን የዝሆን ጭነት እንደ መጫን ነው።

አራተኛ፣ የሚጠጣው ይፈለግ። ሁሉ ነገር ጠፍቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ የኔጌቲቩ ካቦ ከባትሪው ይፈታና በካቦውና በባትሪው ራስ መካከል የቴስተሩ አምፔር መለኪያ ይግባ። ከ0.05 አምፔር ብዙ የማይበልጥ ከሆነ አያሳስብም። ከበለጠ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀሉ፤ ቁጥሩ የወረደበት ፊውዝ የሌባውን መንገድ ያሳያል። ፊውዞቹ ሁሉ ተነቅለው ቁጥሩ ካልወረደ፣ በቀጥታ ከባትሪው የተሳበ ሽቦ አለ ማለት ነው። በዚህ መለኪያ ጊዜ ሞተሩን ለማስነሣት መሞከር ቴስተሩን ያቃጥላል።

በድሮው በፊያት ኤንትሬ ዘመን የመኪና ሽቦ ጥቂት ነበር፤ ከመብራት፣ ከሞተሪኖና ከክላክስ ብዙም አያልፍም። ዛሬ በየጊዜው አንድ ዕቃ ይጨመራል፤ በተጨመረ ቁጥርም አንድ ሽቦ ባትሪው ላይ ይደረባል። ሽቦው ቀጥኖ፣ ፊውዝ ሳይኖረው፣ ከብረት ጋር እየተፋተገ ልባሱ ቢላጥ፣ ባትሪው ያለውን ኃይል ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ሽቦውም እንደ ፍም ይግላል። ይህ የሚሆነው ሾፌሩ በጋቢናው ተኝቶ ሳለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከባትሪ የሚሳብ ማንኛውም ሽቦ ለባትሪው በቀረበ ቦታ ላይ የራሱ ፊውዝ ይኑረው፤ ከተቻለም ከማቋረጫው ቁልፍ ወዲያ ይሰካ። የተቃጠለውን ፊውዝ በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት መተካት እሳቱን በገዛ እጅ መጥራት ነው። ቁልፉን አስወግዶ ሽቦውን በቀጥታ ማገናኘትም እንዲሁ፤ እሳት በተነሣ ጊዜ ኤሌክትሪኩን በአንድ እጅ የሚያቋርጠው ያው ቁልፍ ነበርና።

ጥቂት ማስጠንቀቂያም እንጨምር። ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን መዝጋት የዲናሞውን ዳዮዶች ያቃጥላል። ባትሪ ሲፈታ መጀመሪያ ኔጌቲቩ ይፈታ፤ ሲታሰርም መጨረሻ እርሱ ይታሰር። ከሚሞላ ባትሪ የሚወጣው ጋዝ በቀላሉ ስለሚፈነዳ፣ በአጠገቡ ሲጋራና ክብሪት አይድረሱ። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳይዘገዩ በብዙ ንጹሕ ውኃ እያጠቡ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። እንደ ከሚሴና እንደ ባቲ ባለ ሙቀት አገር የባትሪ ውኃ ቶሎ ይጎድላል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ስለዚህ ውኃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ ከደጋው ይልቅ አዘውትሮ ማየት ይገባል። የሚጨመረውም የተጣራ የባትሪ ውኃ እንጂ የወንዝ ወይም የቧንቧ ውኃ አይደለም።

ይህ ሁሉ ምርመራ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ሁሉ ደኅና ሆኖ ተገኝቶ፣ ሙሉ በሙሉ የተሞላው ባትሪ ሞተሪኖውን ማዞር ካቃተው፣ ያን ጊዜ ጥፋቱ የባትሪው ሊሆን ስለሚችል መለወጡ ይታሰብ። ከዚያ በፊት ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ቴስተር ያልዳሰሰውን ባትሪ ሙት ብሎ መፍረድ አይገባም።